በሰው ድንኳን ያለቀስሁ ለታ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ጠብታ ሐሰት ከተገኘበት አይሱዙዬ ከነጭነቷ ሊማሊሞ ገደል ትግባ፤ እኔም መሪዋን እንደጨበጥሁ ልከተላት። አርባ አራቱም የጎንደር ታቦት ይታዘቡኝ። ፍቅሩን ለመጽሔት የሚጽፍ ሰው ግማሹን ከራሱ እንደሚፈበርክ አውቃለሁ። እኔ አድማሴ ግን ዕድሜዬን በዳገትና በቁልቁለት የጨረስሁ ሾፌር ነኝ፤ መንገድ ደግሞ ውሸታምን አይታገሥም። ምስክር ካላችሁኝ ምስክር አለኝ። እማማ ሥርጉት በሕይወት አሉ፤ ጆሯቸው ከእኔ ይሰማል፤ ሲናገሩም ቃል አያባክኑም። ሄዳችሁ ጠይቋቸው!

ነገሩ የተጀመረው ጓደኛዬ እንዳልካቸው የሞተ ለታ ነው። እንዳልካቸው እንደ እኔው የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ እሱን የሚያክል ሾፌር ቢፈለግ አንድ እኔ ብቻ ነኝ። በሽታ ጥሎት፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር በተከራየው ቤት አረፈ። መርዶው የደረሰኝ ከአምባ ጊዮርጊስ ድንች ጭኜ ስገባ ነው። ጭነቱን እንኳ ሳላራግፍ ወደ ማራኪ ወጣሁ። ሰማያዊ የእድር ድንኳን ከሩቅ ታየኝ።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው በር ላይ ቆሞ «የማን ቤት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ከሩቅ እየጮኸ ይገባል። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከየክፍሉ ወጣ፤ የፋሲል ግንብ እርግብ ሁሉ ተነሥቶ ወደ አዘዞ በረረ። ድንኳኑ መሐል ቆሜ ሙሾዬን አወረድሁት፦

«ሊማሊሞን በአንድ እጅ ይወርድ የነበር ጀግና፣
ማን ይዘውራት ይሆን ባለቤት ያጣች ማኪና!»

ሦስት ሺህ ሰው ነበር። አርባ ቄስ ከነጥምጥሙ ተደርድሯል። ሦስት ሺሁም ጸጥ አለ። ልቤም «አድማሴ፣ ገደልሃቸው» አለኝ። ቀጠልሁ፦

«ጎማ ሲፈነዳበት ዘፈን የሚያወጣ፣
ትራፊክ ሲያስቆመው ሳቁ የሚመጣ!»

ያን ጊዜ የሟቹን ፎቶ ያቀፈች ሴት ወደ እኔ ዞረች። ፎቶው ላይ ያለው እንዳልካቸው አልነበረም። ጥምጥሙ የነጣ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ መቋሚያ የተደገፈ ሰው ነው። መሪጌታ መዝሙር ይባላሉ። ዕድሜያቸውን አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ማኪና ገና ሲነሣ የሚያጥወለውላቸው ሰው እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ። የእንዳልካቸው ድንኳን አንድ መታጠፊያ ወረድ ብሎ ኖሯል፤ እሱም ሰማያዊ።

ፎቶውን ያቀፈችው ሚስታቸው ወንጌላዊት ናት። ገና ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ከል የለበሰች፣ ዓይኖቿ በለቅሶ ያበጡ። እነዚያ ዓይኖች እኔ ላይ ተተከሉ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። «ኧረ ያዟት፣ ራሷን ልትስት ነው!» አሉ ሴቶቹ፤ ከግራ ከቀኝ ደገፏት።

ወንጌላዊት ግን እየሳቀች ነበር።

ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ለቀቀ፤ እስከ ዛሬም ወደ ቦታው አልተመለሰም።

*

በሠልስቱ ተመልሼ ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ያዘዘኝ የገዛ ልቤ ነው፤ ልቤ ደግሞ ሲያዝዝ ይግባኝ የለውም።

በሩ ላይ የቆሙት ቄስ ይበልጣል ናቸው፤ የሟች ታላቅ ወንድም፣ የእማማ ሥርጉት የበኩር ልጅ። ቁመታቸው የደብር ዋርካ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ የማን ዘመድ ነህ?»

«የሐዘኑ፣ አባ።»

«ሥራህስ?»

«አይሱዙ እነዳለሁ።»

«እንግዲያስ ንፍሮህን ቅመስና መንገድህን ያዝ። እዚህ የካህናት ቤት ነው።»

እኔ ይህን ሰምቼ የምውጥ ነኝ? «አባ ይበልጣል» አልኋቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እርስዎ ነፍስ ያሻግራሉ፣ እኔ ድንች አሻግራለሁ። ዳገቱ ላይ ካንቀላፋን ሁለታችንም ጉድ ነን!» አርባው ቄስ ጥምጥሙ እስኪወድቅ ሳቀ። አባ ይበልጣል መንገድ ለቀቁልኝ።

ወንጌላዊት ንፍሮ ይዛ መጣች። ሰሃኑን ስታቀብለኝ ጎንበስ አለችና፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ባለቤቴ ሊማሊሞን በዕድሜው አንዴ ነው ያየው» አለችኝ። «እሱንም ዓይኑን ጨፍኖ።»

መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ይቅርታ ምን ያደርጋል። ከሞተ ወዲህ የመጣው ሁሉ ጽኚ ይለኛል። ቄሱም ጽኚ፣ ጎረቤቱም ጽኚ። ጽኚ ያላሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ከእኔ ብሰው ፈረሱ።»

ቀና ስትል ዓይኗ ዓይኔን ነካው፤ ለቅጽበት ነው፣ ልክ ምጣድ እንደሚነካ ጣት ሸሸ። ንፍሮው አፌ ውስጥ ቀረ።

*

ለአርባው ተዝካር ድንችና ነጭ ሽንኩርት ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ገብሱም ከመሪጌታ የውርስ መሬት መምጣት ነበረበት። ማኪና ያለው ሰው ማን ነው? አድማሴ! ወንጌላዊት አብራኝ ልትሄድ ተነሣች። አማቷም ተነሡ።

እማማ ሥርጉት ጋቢና ገብተው በእኔና በወንጌላዊት መካከል ተቀመጡ። አጥር ናቸው ብል አጥር ያንሳቸዋል፤ ግንብ ናቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ፤ እኔ ወደ ወንጌላዊት ዞር ባልሁ ቁጥር ጉልበታቸው የማርሹን ዘንግ ይመታል። ለአርባው እንዲህ ሄድን፤ ለመንፈቁም እንዲሁ፤ በመካከሉም አዝመራ እንይ እያሉ ስንቴ እንደወጣን አምላክ ይቁጠረው።

ደግሞ የማሰሮ አባዜ ነበረባቸው። ወለቃ ስንደርስ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን የሚደረድሩበት መንገድ ዳር፣ «አቁም!» ይሉኛል። ይወርዳሉ። አንዷን ማሰሮ አንሥተው በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌላ ያነሣሉ። ዋጋ ይከራከራሉ። የሚሸጡት ሴቶች ተሰላችተው መፍተል ይጀምራሉ። እኚህ ሴትዮ ምን ዓይነት ቋጣሪ ናቸው እያልሁ ከልቤ እታዘባቸው ነበር።

ለእኔ ግን በጀኝ! ለመንፈቁ ስንሄድ፣ ወለቃ ላይ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ወንጌላዊት ዞርሁ።

«ወንጌላዊት፣ የወገራን ገብስ አይተሽዋል? አድማስ እስኪነካ የተኛውን? ፍሬው አንድ ባንድ ተለቅሞ ያልቃል፤ የእኔ ፍቅር ግን ተለቅሞ አያልቅም! ደባርቅ ቢበርድ፣ ዳባት ቢነፍስ፣ ይህ ልብ አይጠፋም! እሺ በይኝና ራስ ዳሸንን ተሸክሜ ደጅሽ ላውርድልሽ!»

ወንጌላዊት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሰማችኝ። እንባዋ መጣ።

«አንተ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርሁ። ያቺ «አንተ» ከአንዲት ሴት አፍ ወጥታ እንዴት ያለ ርቀት እንደምትሻገር እኔ አውቃለሁ።

«አንተ ሰው፣ ድምፅህን ቀንስ፤ እማማ ይሰማሉ። ደግሞ አታስቀኝ። በሳቅሁ ቁጥር ማታ ፎቶውን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።»

«ሟችን ሳቅሽ አይጎዳውም። እኔን ግን አድኖኛል። እኔም እኮ ያን ለታ ጓደኛዬን ቀብሬያለሁ።»

ከዚያ በመካከላችን በባዶው ወንበር ላይ፣ አማቷ በተነሡበት ቦታ፣ እጇን አኖረች። አልያዝሁትም። አጠገቡ የእኔን አኖርሁ። ወንበሩ ገና የአሮጊቷን ሙቀት እንደያዘ ነበር።

*

ወሬው ከአባ ይበልጣል ጆሮ ገባ። ዘመድ ሰብስበው ቆረጡት፦ «የመሪጌታ ሚስት የሾፌር ሚስት አትባልም! ሙት ዓመቱ ሲወጣ ከሏን ታውልቅ፤ ቆብ ትቀበል፤ ገዳም ትግባ። የወንድሜ ስም በመናኸሪያ አይነሣም።»

ወንጌላዊት በስፌት ማኪናዋ የቀሳውስት ካባ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት። ያለችበት ቤት የባሏ ቤተሰብ ቤት፣ የምትሰፋላቸው ደንበኞች የአባ ይበልጣል ወዳጆች። እምቢ ብትል የት ትወድቃለች?

እኔ አላመንሁም ነበር። አንድ ረፋድ ግን ነጭ ሽንኩርት ላደርስ ስገባ፣ እማማ ሥርጉት አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ በመርፌ ሲሰፉ አገኘኋቸው። የስፌት ማኪና ያለበት ቤት ውስጥ፣ በእጅ! አቡጀዲ ነው። ክብ ነው። ቆብ ነው። ሲያዩኝ ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

«ለማን ነው፣ እማማ?»

«ለሚያደርገው።»

ሽንኩርቱን አውርጄ ወጣሁ። ወንጌላዊት በመስኮት ጠራችኝ፤ አልዞርሁም። ዞሬ ምን ልላት? አማቷ ልኳን ወስደው ጨርሰዋል፣ እሷም እሺ ብላለች ብዬ ነው እኮ። አምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ የወገራን ውርጭ በባዶ ደረቴ ተቀበልሁት። ውርጩ አፈረ እንጂ እኔ አልበረደኝም። ሳምንታት አለፉ። ሙት ዓመቱ ሊሆን ዋዜማው ላይ ስልኬ ውስጥ መልእክት ገባ፦

«የሰው ለቅሶ ሳትጠራ መጣህ። በእኔ ሙት ዓመት ልትቀር ነው?»

አንብቤው ስልኩን ገለበጥሁት። መልሼ አነሣሁት። «በእኔ» የምትለዋን ቃል በአውራ ጣቴ ሸፈንኋት፤ ጣቴን ባነሣሁ ቁጥር እዚያው ናት።

*

እንግዲህ ያን ቀን ስሙ!

የአይሱዙዬን ክላክስ እንደ ነጋሪት እየነፋሁ ማራኪን ወጣሁ። ከተማው ሁሉ በር ላይ ወጣ። አጥር ግቢው ውስጥ ያው ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል፤ ሦስት ሺሁ ሰው፣ አርባው ቄስ። አባ ይበልጣል መሐል ቆመው ቆቡን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ወንጌላዊት ከፊታቸው አቀርቅራ ቆማለች።

«ቅረቢ ልጄ» አሏት። «ዓለም ጠፊ ናት።»

«ቁሙ!» አልሁ።

የድንኳኑ ምሰሶ ተንቀጠቀጠ። ሰውን እየሰነጠቅሁ ገባሁ። አባ ይበልጣል ፊት ደረቴን ነፍቼ ቆምሁ።

«አባ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው መቅበር ይበቃል! መሪጌታን ቀብራችኋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ይህችን ግን ከነእስትንፋሷ አትቀብሯትም! ቆብ ለጠራው ክብር ነው፤ ላልጠራው መክደኛ ነው! ሾፌር ነኝ፣ አዎ! የነዳጅ ሽታ እንጂ የዕጣን ሽታ የለኝም! ግን ይህች ሴት በሐዘኗ መካከል የሳቀችው በእኔ ነው፤ ያን ሳቅ ከዚህ ቤት ይዤ ሳልወጣ አልሄድም!»

ቆቡንም ከእጃቸው ነጠቅሁ። አርባው ቄስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እማማ ሥርጉት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሊረግሙኝ ነው ብዬ አንገቴን አዘጋጀሁ። ወንጌላዊት ግን ቀደመቻቸው። ከሏን በሁለት እጇ ከራሷ ገፈፈች። ጸጉሯ ተበተነ።

«ባሌን ወድጄዋለሁ!» አለች፤ ድምፅዋ ድንኳኑን ሞላው። «አልቅሼለታለሁ! ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሼለታለሁ! አሁን መኖር እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ሰው ጋር! የማትወዱ ንፍሮውን ቅመሱና መንገዳችሁን ያዙ!»

እጇን ያዝሁ። ያን ጊዜስ ያዝሁት። ከድንኳኑ ስንወጣ ማንም አልከለከለንም፤ እጇ እጄ ውስጥ ሲሞቅ ብቻ ተሰማኝ፤ ሌላው ዓለም ሁሉ ድምፁ ጠፋ።

*

ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ ወደ መጽሔቱ ከመላኬ በፊት ምስክሬ ይስሙት ብዬ ለእማማ ሥርጉት አነበብሁላቸው። ዛሬ እኔና ወንጌላዊት የምንኖርበት አምባ ጊዮርጊስ ቤት ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ወንጌላዊት በጓዳ ካባ ትሰፋለች። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን እያሽከረከሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸው ላይ ያለውን ቆብ አስተካከሉ።

«ድንኳኑ ውስጥ አልጮኽህም» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዴት እማሆይ?»

«ሙሾም አላወረድህም። ሙሾውን ለወንጌላዊት በጆሮዋ የነገርሃት ኋላ ነው። ያን ለታ ዝም ብለህ ገባህ፣ በሩ ሥር ተቀመጥህ፣ እንደ ሕፃን አለቀስህ። ፎቶው አጠገብህ ሲደርስ አየኸው። ቤት እንደተሳሳትህ አወቅህ። ይቅርታ ልትል አፍህን ከፍተህ ስቅታ ያዘህ። እሷ የሳቀችው በዚያ ነው። ከዚያም ወደ ጓደኛህ ድንኳን ከመሄድ እዚያው ለቅሶህን ቀጠልህ። ቄሶቹም አርባ አልነበሩም። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ተኝቷል። ሁሉም ለልጄ አዜሙለት እንጂ እንደዚያ ያለቀሰለት አልነበረም። የተሳሳተ ሰው አለቀሰለት።»

የስፌት ማኪናው ድምፅ በጓዳ ቆመ።

«በሠልስቱ ልቤ አዘዘኝ ትላለህ። የደወልሁልህ እኔ ነኝ፤ ስልክህን ከእድሩ ሰው ተቀብዬ። ይበልጣልንም ምንም አላልኸው። ንፍሮ ቅመስ ሲልህ፣ እሺ አባ ብለህ ቀመስህ።»

«እሱስ እሺ... ወለቃ ላይ ግን—»

«ወለቃ ላይ ስለ ማኪናህ ፍሪሲዮን ነው ያወራሃት። ስለሚንሸራተት ፍሪሲዮን። በእኔ ጊዜ ባል እንዲህ አልነበረም። ቤቴን ታውቀዋለህ፤ ማሰሮ ማስቀመጫ የለኝም፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬዋለሁ። ማሰሮ ምን ያደርግልኛል፣ አድማሴ? አንድ ቃል ይተነፍስ ይሆን እያልሁ ፀሐይ ላይ ስንቴ ቆምሁልህ። በመጨረሻም ‹አንተ› ያለችህ እሷ ናት፤ እጇንም ያኖረችው እሷ።»

ወረቀቱን አጠፍሁት። ሙት ዓመቱንም እንዳይነኩብኝ ፈራሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ያን ቀን ድንኳን አልገባህም። ማኪናህ ውስጥ ነበርህ፣ በር ላይ። ይበልጣል ቆቡን ሲይዝ ከእጁ የወሰድሁት እኔ ነኝ። በእጄ የሰፋሁት እሷ እንዳታይብኝ ነው፤ ልኩም የራሴ ራስ ነው። ይበልጣል፣ አንተ ወንድምህን ነው የቀበርኸው፣ እኔ ልጄን፤ ከዚህ ቤት አንድ ቆብ ይበቃል፣ እሱም የእናትህ ነው አልሁት። ማንም አልተነፈሰም። እሷም እንደቆመች ቀረች፤ መሄድ ትችል እንደሆነ አላወቀችም። በዚያ ጸጥታ ያንተ ክላክስ ጮኸ። አላቋርጥ አለ። መሪው ላይ ተደፍተህ እያለቀስህ፣ ግንባርህ ተጭኖት።»

መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እሷ ንግግር አላደረገችም። ሳቀች። ልጄ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት አፏን ሳትሸፍን የሳቀችው ያን ለታ ነው። እየሳቀች ወጥታ የማኪናህን በር ከፈተችልህ። አንተም እንደተደፋህ፣ ሳቅ ሰምተህ ደግሞ ቤት የተሳሳትህ መስሎህ፣ ለቅሶው የት ነው ብለህ ጠየቅሃት።»